የደበቅኋት የማርያም ዕለት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። አሁን እናገራለሁ፤ እናንተም ይቅር ለማለት አትቸኩሉ።

በኢሕአዴግ ዘመን ነው። ከፍኖተ ሰላም በታች፣ ቆላው ላይ፣ በአንድ ባለሀብት የበርበሬ እርሻ የለቃሚዎች ካቦ ነበርኩ። ለቃሚዎቹ ከሊበን በኩል የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ላስቲክ በለበሰ ዳስ ውስጥ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተደራርበው ይተኛሉ፤ ከወንዝ ይጠጣሉ፤ አጎበር የሚባል አያውቁም። በሥራ ቀን ከማሳ የወጣ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የሚያርፉት በበዓል ብቻ ነው። ቀኑን ማን ይቆጥርላቸዋል? እኔ። ሬዲዮ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ዲያቆንም ስለነበርኩ አምነውኛል። ሲቀልዱብኝ “የኔታ” ይሉኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ አያሌው የሚባለውን ለቃሚ ወባ ያዘው። እየተንቀጠቀጠም ይለቅማል። አንድ ጠዋት፣ “የኔታ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?” አለኝ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የተሰጣው በርበሬ ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል፤ ባለሀብቱ ደግሞ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ቀኑ ሃያ አንድ፣ ማርያም ነበር። እኔ “ሃያ” አልኩት።

“እንግዲያ ነገ ማርያም ናት። ወጥቼ ጤና ጣቢያ እታያለሁ። አንድ ቀን መቼም አያቅተኝ” ብሎ ጆንያውን አነሣ።

ሃያ አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ባለሀብቱ አላለም፤ ዝናቡም ሳይዘንብ ቀረ። በማግስቱ ጓደኞቹ ተሸክመውት ሲወጡ መንገድ ላይ አረፈ። ለሚስቱ ለትርንጎ “በማርያም ዕለት አረፈ” ብዬ የላክሁባትም እኔው ነኝ።

እሷ በዚህ ተጽናናች። “ማርያም ራሷ ወሰደችው” እያለች በየዓመቱ ጥቅምት ሃያ አንድ ትዘክርለታለች። እኔም ከዝክሩ በልቻለሁ፤ ጠላውን ጠጥቻለሁ፤ “ነፍስ ይማር” ብዬ ተነሥቻለሁ። እንዴት ጉሮሮዬ ላይ አልቆመም?

ዝም ብል ለእሷ ይሻላታል እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ። ውሸቴን ነው፤ የተሻለው ለእኔ ነው።

ዘንድሮ ሃያ አንድ ሳይደርስ ሊበን እሄዳለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ደጇ ላይ እቆማለሁ። “እትዬ ትርንጎ፣ አያሌው የሞተው በሃያ ሁለት ነው። የማርያም ዕለት በርበሬ ሲለቅም ዋለ፤ ያስለቀምኩት እኔ ነኝ” እላታለሁ። እሷ አውርድ ካላለችኝ ድንጋዩን አላወርድም።