«ፀሐይን ላኩልን» አሉ

ረቡዕ ማለዳ፣ ከድሬዳዋ መውጫ

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ድሬዳዋ በዚህ ሰዓትም ትሞቃለች። ሾፌራችን ጋሽ ተፈራ ሐረር ተወልደው ያደጉ ናቸውና ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት «ሹራብ ይዛችኋል? የሐረር ጠዋት ቀልድ አያውቅም» አሉን። እኔ ረስቻለሁ። ነጃት ሁለት ይዛለች። አንዱን ወደ እኔ ስትዘረጋ «አይበርደኝም» አልኳት።

እኔና ነጃት የአንድ መሥሪያ ቤት ኢንተርኖች ነን። መሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰላቸው የገጠር መንደሮች በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ይተክላል። የልምምድ ጊዜያችን ሊያልቅ ነው፤ የሚቀጠረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። አስተባባሪያችን ወይዘሮ ሰናይት መለኪያቸውን አልደበቁንም፤ «ሽቦ ማገናኘቱን ሁለታችሁም ትችሉበታላችሁ። እኔ የማስቀረው መንደሩ የሚፈልጋትን ነው» ብለውናል።

ነጃት የሐረር፣ የአቦከር ሰፈር ልጅ ናት። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሐረሪ እንደ ውሃ ትጠጣቸዋለች። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ያለኝ አማርኛዬና በትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛ ነው። ገጠር ስንወጣ እሷ ከሴቶቹ ጋር ትስቃለች፣ እኔ ከባትሪው ጋር እፋጠጣለሁ። ቀንቼባታለሁ። ዙሪያ ጥምጥም አያስፈልገውም፣ ቅናት ነው።

ትናንት ግን ቀኑ የእኔ ነበር። ከድሬ ጠያራ ወረዳ አዴ ፋጡማ የሚባሉ እናት ለወይዘሮ ሰናይት ስልክ ደወሉ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። በተሰባበረ አማርኛ «ፀሐይን ላኩልን! ፀሐይ ከሄደች ወዲህ ተቸግረናል» አሉ።

ስሜ ፀሐይ ነው። እዚያ መንደር የሄድኩት አንዴ ብቻ ነው፤ የተበላሸውን መብራታቸውን ነቅለን ለጥገና ያመጣን ቀን። ለካ በአንድ ቀን ልባቸው ገብቻለሁ! ወይዘሮ ሰናይት በአድናቆት አዩኝና «ነገ ከነጃት ጋር ሂጂላቸው» አሉኝ፤ ነጃት አቀረቀረች። ሻይ ቤት ድረስ ሄጄ ለአስተናጋጇ ሳይቀር ነገርኳት።

ደንገጎና አወዳይ

የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዝን ወጣን። ዝንጀሮዎቹ ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው አላፊውን መኪና ይገመግማሉ። ብርዱ በመስኮት ገባ። ነጃት ምንም ሳትል ሹራቡን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ ለበስኩት። ደግነቷም ያናድዳል።

አወዳይ ላይ ጫት የሚጭነው፣ የሚያወርደው፣ የሚጮኸው መንገዱን ዘግቶታል። ቁርስ ሳምቡሳ ልንገዛ ወረድን። እኔ ስጠይቅ ሻጯ የነገረችኝ ዋጋና ነጃት በኦሮምኛ ስትጠይቅ የነገረቻት ዋጋ የተለያየ ነው። ይባስ ብላ አንድ መረቀችላት። የተመረቀውን ነጃት ለእኔ ሰጠችኝ፤ ትኩስ ነበርና በላሁት።

«ነጃት ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«እንቅልፍ አጣሁ ጋሼ» አለች።

ጁገል

ከቀትር በፊት ሐረር ገባን። ምሳ የነጃት አክስት ቤት ነው፤ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ በማያሳልፍ መንገድ ዳር። ቤቱ ወለሉ ቀይ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰፌድና በሳህን የተሞላ ነው። መቀመጫው ደረጃ በደረጃ የተሠራ መደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ደክሞኛል፣ እንግዳም ነኝ፤ ከፍ ያለውንና ምንጣፉ የሚያምረውን መርጬ ተደላደልኩ።

ነጃት ጠጋ ብላ «የአባወራው ቦታ ላይ ነው የወጣሽው» አለችኝ በሹክሹክታ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። አክስቷ ግን ሳቁ፤ «ማሻአላህ! ተያት፣ ቤቱን የወደደች ናት። ቢስሚላሂ በይ ልጄ፣ ብይ» አሉኝ። ቁጢ፣ ማለትም የቡና ቅጠል በወተት፣ አቀረቡልን። ይጣፍጣል። ዝቅ ብዬ ተቀምጬ እየጠጣሁ ሁሉም ሰው ነጃትን እንዴት እንደሚያይ አየሁ። እኔን በዚህ አገር እንደዚያ የሚያይ ሰው አለ? «አለ እንጂ፣ ድሬ ጠያራ!» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ድሬ ጠያራ

ማሳ፣ ማሽላ፣ ቁልቋል፣ ከዚያ መንደሩ። ሴቶቹ ከሚሠሩበት ዳስ አጠገብ ቆምን። እዚህ ዳስ ውስጥ ገና ሳይነጋ ተሰብስበው አትክልታቸውን እየለዩ ያስራሉ፤ ከዚያ ሐረር፣ ሸዋ በር ገበያ ይወርዳሉ።

አዴ ፋጡማ ከሁሉ ቀድመው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የቀላ ሴት ናቸው። «ፀሐይስ? ፀሐይ መጣች?»

«ይኸው መጣሁ!» ብዬ እጄን ዘርግቼ ሄድኩ።

ሳሙኝ። በደንብ ሳሙኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረው የመኪናውን ጣሪያ አዩ። «እሺ፣ ፀሐይስ የታለች?»

ዞሬ አየሁ። ጣሪያው ባዶ ነው። አዴ ፋጡማ በእጃቸው አራት ማዕዘን ሠሩ፤ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ። ከዚያ ወደ ዳሱ ጣሪያ ጠቆሙ፤ አራት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቶበታል። «ፀሐይ! የወሰዳችኋት! በኩራዝ ጭስ ዓይናችን ጠፋ እኮ!»

የፈለጉት ለጥገና የነቀልነውን የፀሐይ ኃይል ፓኔል ነው። ፓኔሉ ደግሞ ተጠግኖ ድሬዳዋ፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ እኛም በእሱ ፋንታ እኔን ጭነን መጥተናል። ጋሽ ተፈራ መሪው ላይ ተደፍተው ሳቁ። «አይ ልጄ! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!»

ነጃት አልሳቀችም። ከዳሱ ጀርባ ወሰድኳት።

«እነሱ ፓኔሉን ፀሐይ እንደሚሉት ታውቂ ነበር?»

«በኦሮምኛ አዱ ይሉታል፣ ፀሐይ ማለት ነው። አማርኛ ሲናገሩም ያንኑ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አልሽ? ሴቶቹ በጨለማ እየሠሩ!»

«ቀናች እንዳልባል ነዋ! ቀንቼም ነበር። አንዴ መጥታ ስሟን ይዘው ጠሯት፣ እኔ ስመላለስ ኖሬ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም ብዬ ስቃጠል አደርኩ። ፓኔሉን እንደሆነ የገባኝ ሌሊት ነው። ጠዋት ልናገር ስል አንቺ ደስታሽ... አፌ አልከፈት አለ።»

ነጃት በእኔ ቀንታ! እኔ ላይ! አንድ ሙሉ ሌሊት ሰው ቀንቶብኝ አድሯል፣ እኔ ሆዬ ተኝቼ አሳለፍኩት።

የመልስ መንገድ

ሐረር ሳንደርስ ወይዘሮ ሰናይት ደወሉልኝ። «እህ ፀሐይ፣ እንዴት ተቀበሉሽ?»

ነጃት ከኋላ ትንፋሿን ዋጠች። አውቃ ዝም ማለቷን ብናገር ሥራው የእኔ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«የጠሩት እኔን አይደለም ወይዘሮ ሰናይት። ፓኔሉን ነው ፀሐይ የሚሉት። በቶሎ መጫን አለበት፤ በኩራዝ ነው የሚሠሩት።»

«ወይ ጉድ! ነጃትስ አልገባትም ነበር እንዴ?»

የለበስኩት ሹራብ የእሷ ነው። «እሷ ጋ ድምፁ በደንብ አልደረሰም» አልኩ።

ከኋላ ወንበር አንድ ዘይቱን በትከሻዬ በኩል ተዘረጋልኝ፤ ከአክስቷ ቤት ያመጣችው ነው። ሐረሮች ዘይቱን የሚሉት ጓቫን ነው። ተቀበልኩ። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ዘይቱኑም እኮ ጣፋጭ ነበር።

ዓርብ፣ እንደገና ድሬ ጠያራ

ፓኔሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጣሪያው ላይ ታስሯል። ትናንት ውሳኔው ተነግሮናል፤ የምትቀረው ነጃት ናት። «እንኳን ደስ አለሽ» ስላት ግማሹ ከልቤ ነበር። ሻንጣዬ ድሬዳዋ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ ነገ ወደ ደብረ ብርሃን ነኝ።

መኪናው ገና ከሩቅ ሲታይ ሴቶቹ እልል አሉ። «ፀሐይ መጣች! ፀሐይ መጣች!» ቀድሜ ወረድኩ፤ ምን ላድርግ፣ ስሜ ነው። በግራና በቀኜ አልፈውኝ ወደ ፓኔሉ ሮጡ። በመስታወት ፓኔልም ይቀናል ብሎ ማን ይገምታል?

ዳሱ ጣሪያ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ብሎኑን አሰርኩ፣ ሽቦውን አገናኘሁ፤ ነጃት ከታች መፍቻ ታቀብለኛለች። ከውስጥ አምፖሉ ሲበራ ጩኸቱ ጣሪያውን ነቀነቀው።

ስወርድ አዴ ፋጡማ እጄን ያዙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ስምሽን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። ማን ነው?»

«ፀሐይ።»

መጀመሪያ ያሾፍኩ መሰላቸው። ነጃት በኦሮምኛ አስረዳቻቸው፤ ስልኩን፣ ባዶውን መኪና፣ ሁሉንም። አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝና ወደ ጣሪያው ጠቆሙ።

«አንቺ በሰላም ሂጂ ልጄ» አሉኝ፤ «ይቺን ግን እንዳትወስጃት።»