ሲመሽ ጠብቃችሁ ቅረጿት

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም የነገርኳቸው የኃጢአቱን ስም ቀይሬ ነው። «አባ፣ ሰው አምቻለሁ» አልኳቸው። የማያማ ሰው የለምና አልተደነቁም። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ፣ ወገቤን አመመኝ፣ ተገላገልኩ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እኔ የሠራሁት ግን ሐሜት አይደለም። አንዲት ልጅ አደራ ብላ የነገረችኝን ነገር በሌላ ስም ተሸፍኜ ለሕዝብ የበተንኩ ሰው ነኝ። እናንተ የምታነቡኝ ካህናት አይደላችሁም፣ ልትፈቱኝም አትችሉም። እንደዚያ ይሻለኛል።

ለምን ዛሬ? በቀደም ልጄ ቃልኪዳን ስልኳን ይዛ እየሳቀች መጣች። «አባ፣ ይቺን እይ» አለችኝ። ከመጽሐፍ ወደ ቴሌቪዥን የመጣው ያ ድራማ ምዕራፍ ሁለት ሊቀረጽ ነው ተብሎ፣ አፍቃሪዎቹ ንግሥት ዱሪትን ማን ይተውናት እያሉ በቴሌግራም ይከራከራሉ። አንዱ የቆየ ስም አንሥቶ «ለምን ትርንጎን አይመልሷትም?» ይላል። ሌላው ከሥር «እሷማ መተወን አያስፈልጋትም፤ ሲመሽ ጠብቃችሁ ቅረጿት» ብሎ መልሷል። ከዚያ በታች ያለው ሳቅ ብቻ ነው። ምን ማለት ነው ብዬ ልጄን ብጠይቃት፣ «እኔ እንጃ፣ ሁሉም የሚለው ነው፣ የድሮ ቀልድ ነው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ስልኩን ነጥቄ «ማን ነው ይህ ባለጌ? አሳዳጊ የለውም?» እያልኩ ቤቱን አናወጥኩት። ልጄ ደንግጣ ታየኛለች። ኧረ ጎረምሳው ምን አደረገ? የሰማውን ደገመ። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽፌ፣ ረዘመ ብዬ አጥፍቼ፣ አሳጥሬ እንደገና ጻፍኩት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ አላመለጠም። መምህር ነኝ፣ አርሜ ነው ያወጣሁት።

መጽሐፉን የማያውቅ ካለ ላስረዳ። በምድር ላይ የሌለ አገር የሚተርክ ወፍራም ልብ ወለድ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ መጽሐፉ ጥፋት የለበትም። ከላይ ደገኞች፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ብረት የሚያቀልጡና ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ይኖራሉ። ገደሉ ከሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርዱ የሚታየውን ይመስላል፤ እኛ ጎንደሬዎችም መጽሐፉን የራሳችን አደረግነው። የገደሉ ሥር ሰዎች ንግሥት ዱሪት ትባላለች። ደገኞቹ፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች ይሏታል። ድራማ ሊሆን ነው ሲባል የቴሌግራም ቡድን አቋቋምን። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ፒያሳ አንድ ጭማቂ ቤት እንሰበሰባለን፤ ከአይከልና ከትክል ድንጋይ በሚኒባስ የሚመጡ ሁሉ ነበሩ። ሰብሳቢው እኔ ነኝ። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፤ እኔም መጽሐፉን «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያልኩ ስለማብራራ «የኔታ» ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? አባቴ ዕድሜያቸውን ፈጅተው ያገኙትን ስም እኔ በማንጎ ጭማቂ አገኘሁት።

ትርንጎ ፎቶ ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። ትርንጎ እውነተኛ ስሟ አይደለም። አንድ ጊዜ አሳልፌ ሰጥቻታለሁ፣ ሁለተኛ አላደርገውም። ትመጣለች፣ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ ብዙም አትናገርም። አንድ ቅዳሜ ዱሪት ጅብ ሆና ተወለደች ወይስ ተረግማ ነው በሚለው ላይ ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። ስጨርስ «የኔታ፣ ሸጋ ብለዋል» አለችኝ። «ግን የትኛው ገጽ ላይ ነው የምትለወጠው?»

መጽሐፉን ገለጥኩ። ሁሉም ይጠብቃል። ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፣ የለም። የደገኞቹ ወሬ አለ፣ የእረኞች ምስክርነት አለ፣ የቄሶቹ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ዱሪት ስትለወጥ ግን የለም።

«ይሏታል እንጂ ስትሆን አላየንም» አለች ትርንጎ። «አየሁ የሚል ሞልቷል። ያየ የለም።»

ጭማቂ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «የኔታ ዛሬ ተረቱ» አለ አንዱ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም። ስንት ጊዜ ያነበብኩትን መጽሐፍ አንዲት ፎቶ ቤት የምትውል ልጅ በአንድ ጥያቄ ከእጄ ነጠቀችኝ ብዬ አሰብኩ። ይህች ናት እንግዲህ በደሏ። ሌላ ምንም አላደረገችኝም። ትክክል ነበረች፣ አለቀ።

በማግሥቱ በግል ጻፍኩላት። አመሰገንኳት፣ አደነቅኳት፣ እንዴት እንዲህ ልታነቢው ቻልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ያን ጊዜ ተንኮል አስቤ ነበር? አላሰብኩም ብዬ መማል እፈልጋለሁ፤ አልምልም። እሷ አምናኝ ነገረችኝ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የመንደሩ ሴቶች ገንቦውን ይገዛሉ፣ ጀበናውን ይገዛሉ፣ የራሳቸውን ልጅ ግን ከእናቷ ዓይን ያሸሻሉ። ቡዳ ናት፣ ሲመሽ ጅብ ትሆናለች ይሏቸዋል። ትርንጎ ትምህርት ቤት እያለች አብሯት ምሳ የሚበላ ልጅ አልነበረም። ጎንደር ስትመጣ ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ አለች፤ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የሚኖሩት ጓደኛዋ ዘቢደር። «ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አደራ» አለችኝ። እኔም «አታስቢ፣ እኔ ዘንድ ይቀራል» ብዬ ጻፍኩላት።

ከዚያ የተዋናይ ምርጫው መጣ። የቴሌቪዥኑ ሰዎች ጎንደር ድረስ መጥተው ብዙ ሰው ፈተኑ። ዱሪትን ለትርንጎ ሰጧት።

ምን እንደተባለ ላስታውሳችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ቡድኑ ውስጥ ነበራችሁና። ዱሪት ረጅም ናት፣ ይቺ አጭር ናት ተባለ። የመጽሐፉ ዱሪት ድምፀ ጎርናና ናት ተባለ። ስለ ዱሪት የአንገት ጌጥ፣ ብር ነው ወይስ መዳብ፣ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን። እኔም ቁመቷ አልጣመኝም ብዬ በገዛ ስሜ ብናገር ማን ይከለክለኝ ነበር? ክርክር ነው፣ ያልፋል። እኔ ግን በክርክር አንድ ጊዜ አሸንፋኛለችና ሁለተኛ ልሞክራት ፈራሁ። ሌላ አካውንት ከፈትኩ። «የገደል ማሚቶ» ብዬ ሰየምኩት። በዚያ ስም ያችን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ ከሥሯም እናቷ ምን እንደሚሠሩ፣ በየትኛው ገበያ እንደሚሸጡ ጨመርኩ። «ያላመነ ሄዶ ይጠይቅ» አልኩ። አዎ፣ «ያላመነ ሄዶ ይጠይቅ» ብያለሁ።

ጠየቁም። የሄዱ ነበሩ። የእናቲቱን ፎቶ ከነሸክላቸው አንሥተው የመጡ ነበሩ። የተማረ ሰው፣ ላፕቶፕ የያዘ ሰው፣ ስለሌለ አገር ካርታ የሚሥል ሰው፣ ስለ ቡዳ እንደ ጎረቤት ያወራ ጀመር። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብሎ የተረተባት ባንክ የሚሠራ ሰው ነው። መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው ምን ነበር? ገጽ በገጽ እናውቀዋለን ስንል የነበረው ምኑን ነው? ደገኞቹ እኛ ነበርን። ለዱሪት አልቅሰን መጽሐፉን ከዘጋን በኋላ በትርንጎ ሳቅንባት። በእናንተ ተናድጃለሁ፣ አሁንም እናደዳለሁ። ግን እሳቱን ለኩሼ በሚሞቁት ብናደድ ምን ፊት አለኝ?

ደግሞስ እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? በገዛ ስሜ፣ በየኔታነቴ ወጥቼ «ወገኖቼ፣ ሰውን በዘሩና በእናቱ ሙያ መስደብ ነውር ነው» ብዬ ጻፍኩ። የገደል ማሚቶንም ከቡድኑ አስወጣሁት። ራሴን አስወጥቼ ለራሴው ተጨበጨበልኝ። ትርንጎ በግል «እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር» ብላ ጻፈችልኝ። አነበብኩት። «አይዞሽ» ብዬ መለስኩላት።

የቴሌቪዥኑ ሰዎች አላባረሯትም። ያባረሯት ይመስላችሁ ይሆናል፤ እነሱ ተደሰቱ። ወሬው ለድራማው ማስታወቂያ ሆነላቸው። በፕሮግራማችን ላይ ቅረቢ፣ እውነት ነው ወይ ብለን እንጠይቅሻለን፣ አንቺ ሳቅ ብለሽ መልስ ሳትሰጪ እለፊው አሏት። ጥሩ አድርጎ ያስተዋውቅሻል አሏት። እሷ እናቷን ለማንም መሳቂያ እንደማትሰጥ ነግራቸው ሥራውን ተወች። ዛሬ «ራሷ ናት የተወችው» የምትሉ አላችሁ። እኔም ስንት ዓመት በዚህች ቃል ተደግፌ ተኛሁ።

አከራይዋ ክፉ ሴት አልነበሩም። በዓል ሲሆን ለሁለቱ ልጆች ከቤታቸው ምግብ ይልኩላቸው ነበር። ወሬውን ከሰሙ በኋላ የልጅ ልጃቸው ትኩሳት ያዘው። «አልጠላሁሽም ልጄ፣ ብቻ ልጁ ታመመብኝ፣ ቤት ፈልጊ» አሏት። ዕቃዋን ስታወጣ ባጃጅ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ፍራሿን ተሸከምኩ፣ የመጽሐፍ ካርቶኗን ተሸከምኩ። ዘቢደር በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ ትርንጎ ዞር ብላ አላየቻትም።

«ምነው፣ አትሰናበቻትም?» አልኳት።

«ከሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም» አለችኝ። ከዚያ አሰብ አድርጋ «እርስዎማ እርስዎ ነዎት» አለች።

ያን ጊዜ ባጃጁ ውስጥ አፌን ልከፍት እችል ነበር። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቶ ነበር፤ ዘፈኑን ሰማሁ። አንዲት ንጹሕ ሴት በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ትቼ ዘፈን እያዳመጥኩ ሄድኩ። እህትማማች መስለው የኖሩ ልጆች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ስለዚህ ዘቢደርን የምታውቁ፣ ስሟን ብቀይረውም የምታውቋት ታውቋታላችሁ፣ ይህን ንገሩልኝ፦ እሷ አልተናገረችም። እኔ ነኝ የተናገርኩት። የገደል ማሚቶ እኔ ነኝ። ትርንጎን ደግሞ ፊት ለፊት ሄጄ እነግራታለሁ፤ ብትተፋብኝም መብቷ ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን አልበደልኩም፤ ከእናንተ ጋር ነው የበደልኩት። «ቡዳ ብሎ ነገር አላምንም፣ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ለቀልድ ነው ያልኩት» የምትል ማመካኛ ነበረችኝ። ስንት ዓመት አቀፍኳት። ይህን ጽሑፍ ስጀምርም በእሷ ልጨርስ አስቤ ነበር። የማልጨርስባትን ምክንያት ልንገራችሁና ይብቃኝ።

ትርንጎ ከተማውን ለቃ ልትሄድ ስትል ልትሰናበተኝ ቤቴ መጣች። ባለቤቴ ገበያ ወጥታለች። ቃልኪዳን ያኔ ትንሽ ናት፤ ዱካ ላይ ተቀምጣ ፓስታ ትበላለች። ትርንጎ ገብታ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ውኃ ሰጠኋት። ስለ ሁሉ ነገር አመሰገነችኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞር ብላ ፈገግ አለች። ልጄ ጉንጯ ሞልቶ ነበርና ያየውን ሁሉ ያስቅ ነበር።

አላሰብኩም። እጄ ተነሣ። ጋቢዬን ከትከሻዬ ሳብኩና ልጄን ከነሳህኗ ሸፈንኳት።

ትርንጎ አየችኝ። ውኃውን ሳትጠጣው አስቀመጠችው። «ትብላ፣ እኔ ልሂድ» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ልጄ ከጋቢው ሥር ብቅ ብላ «አባ፣ ምነው ሸፈንኸኝ?» አለችኝ።

«ብይ» አልኳት።