ከማዳም ሉሲ ቢስትሮ የደወልኩት ስልክ

ከነቀምቴ ልንወጣ በዋዜማው ማታ፣ የገመቹ እናት አዴ ጫልቱ ከአርጆ በበቅሎ መጥተው እኛ ቤት አደሩ። ገመቹና እኔ ተማሪ ቤት አንድ ዴስክ ላይ ያደግን ነን፤ እሱ የአርጆ ገበሬ ልጅ፣ እኔ ከጎጃም መጥቶ ወለጋ የቀረ ነጋዴ ልጅ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አመሸ። አዴ ጫልቱ ምንም ምክር አልሰጡም፤ የልጃቸውን ፀጉር እየዳበሱ ተቀመጡ። አባቴ ብቻ «ባሕር ማዶ ሥራ ሞልቷል ያላችሁ ማነው?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀን። ሊነጋ ሲል ሎንችናው ጥሩምባውን ነፋ፤ ወጣን።

ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወረድን፤ ከዚያ በመርከብ ወጥ ቤት ድንች እየላጥን ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ገባን። ስለ ባሕሩ አትጠይቁኝ፤ ሲያስመልሰው የከረመ ሰው ባሕር አየሁ አይልም። ወደብ ላይ ጭነት አውራጆች ሆንን። አንዲት ባልቴት «የጃንሆይ አገር ሰዎች» ብላ አክብራን ጠባብ ክፍል አከራየችን። ክብሩ የቆየው ሽሮ እስክንሠራ ነው። ያን ቀን በሩን ደበደበችው።

«ምን ሞቶ ነው እዚህ ውስጥ?»

«ቅቤ ነው ማዳም። ከአገር ያመጣነው።»

«እንግዲያው ቅበሩት» አለችና ምድጃችንን ይዛ ወረደች።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው የማዳም ሉሲ ቢስትሮ ቤታችን የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ቢስትሮ የሚሉት ምግብም መጠጥም የሚገኝበት ትንሽ የሰፈር ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እንበላለን። የሽንኩርት ሾርባዋ ላይ ዳቦና አይብ ይንሳፈፋል፤ አይቡም እንደኛ አገር አይደለም፣ እንደ ሙጫ ይሳባል። ገመቹ ሥጋ ሲያዝ «ሰኛን» ይላል፣ ደሙ ያልደረቀ ማለቱ ነው። እየተንጠባጠበ ቢመጣለትም «ይኼማ በስሏል» ብሎ ይመልሰዋል። በመጨረሻ ማዳም ሉሲ ጥሬውን ቆርጣ አቀረበችለትና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስኪጨርስ አየችው።

እዚያ አገር ሰላምታ «ቦንዡር» ብሎ ማለፍ ነው። ገመቹ ግን ሲገባ በየጠረጴዛው እየዞረ ይጨብጣል፣ ቤተሰብ ይጠይቃል፣ ከብት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሳቁበት። ኋላ ግን እሱ ሳይጨብጣቸው ሾርባቸውን የማይጀምሩ ሽማግሌዎች ነበሩ።

በጥቅምት አንድ ጠዋት ወደቡ ላይ የማንሻው ገመድ ተበጠሰና የግንድ ጭነት ገመቹ ላይ ወደቀ። አጠገቡ ነበርኩ። እዚያው ሞተ።

ሬሳውን ልረከብ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው «ምኑ ነህ?» አለኝ።

«የአገሩ ልጅ።»

«ለአገር ልጅ ሬሳ አይሰጥም። ዘመድ አምጣ።»

«ዘመዶቹ አርጆ ናቸው።»

«አርጆ በየትኛው ትራም ነው የሚኬደው?» አለ። ሲያሾፍ አልነበረም።

አብራኝ የመጣችው ማዳም ሉሲ «አክስቱ ነኝ» አለች። ጸሐፊው የእሷን ነጭ ፊት አየ፣ የእኔን አየ፣ ማኅተሙን መታ።

ቀብሩ ላይ ደረት የሚመታ፣ ሙሾ የሚያወጣ አልነበረም። ብቻዬን ድምፅ አውጥቼ ማልቀስ አፈርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢስትሮው ውስጥ አንድ እንግዳ ሰው የገመቹን ወንበር ይዞ «ሰው አለው?» አለኝ። ጎትቶ ወሰደው።

እናንተ ታውቃላችሁ፣ መርዶ ለእናት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ቤቷ ሄዶ ነው። ስለዚህ አባቴን ነቀምቴ ስልክ ቤት እንዲጠብቀኝ በቴሌግራም ነገርኩት። ማዳም ሉሲ ባንኮኒው ላይ ያለውን ስልክ ሰጠችኝ። መስመሩ በፓሪስ፣ በአዲስ አበባ አድርጎ ገባ። ቀድሞ የሰማሁት ግን የአዴ ጫልቱን ድምፅ ነው። አባቴ ቴሌግራሙ የምሥራች መስሎት ከአርጆ አስጠርቷቸው ኖሯል።

«አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት ነህ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ደህና ነኝ አዴ።»

«ገመቹስ? ድምፁን አሰማኝ እንጂ።»

«ሥራ ላይ ነው።»

የምሳ ሰዓት ነበርና ከኋላዬ ሳህንና ሹካ ይንኳኳል።

«ድግስ ነው እንዴ? ይሰማኛል» አሉ።

«የምንበላበት ቤት ነው።»

«ጎሽ። የሚያበላችሁ ሰው አገኛችሁ ማለት ነው።»

አባቴ ስልኩን ሲቀበላቸው፣ እሳቸው እንዳይገባቸው በአማርኛ ፈጥኜ «አባዬ፣ ገመቹ ሞቷል። ወደብ ላይ ጭነት ወድቆበት። ቀበርኩት» አልኩት።

ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እሳቸው እንዲሰሙት በኦሮምኛ፣ «ደግ፣ ደግ። ተመስገን» አለ።

«ምን አለ?» ሲሉት ይሰማኛል።

«ደህና ናቸው። ምግቡ ተስማምቷቸዋል ይላል።»

አዴ ጫልቱ እልል አሉ። አባቴ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ በዝግታ «በል ዝጋው፤ ነገ ከሽማግሌ ጋር አርጆ እሄዳለሁ» አለኝ።

አልዘጋሁም። መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ እልልታቸውን አዳመጥኩ።