ሾላውን አልረጭም

ደብረ ታቦር ግብርና ቢሮ፣ ተባይ መከላከል ክፍል፣ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የጀርባ መርጫ ፓምፕ አሸከሙኝ። ክዳኑን በቅጡ ስላልገጠምኩት ለልምምድ የተሞላው ውኃ ገብሱ ላይ ሳይሆን ሱሪዬ ውስጥ ወረደ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እንኳን መርዝ አልሆነ፤ ዘርህን ባጠፋው ነበር!" አለኝ። ከዚያ በኋላ ልጆች ወልጃለሁ። አንዳቸውም ቁም ነገረኛ አልወጡም፤ ጥፋቱ ግን የፓምፑ አይደለም።

ሥራው ቀላል ነበር። መርዙን በባልዲ በጥብጦ፣ በጨርቅ አጥልሎ፣ ነፋሱን ለጀርባ ሰጥቶ መርጨት ነው። ተምች ሲነሳ ተምቹን፣ ነቀዝ ሲገባ ነቀዙን። ስድስት እግር ያለው ሁሉ ጠላቴ ነበር። በዚያ የደርግ ዘመን ጠላት ሲባል ሌላው ሰው ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ እኔ ሞኙ ተምች እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን ወደ ወንዛዬ በሚወስደው መንገድ፣ የገበሬ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት ትልቅ ሾላ ሥር ከአለቃዬ ከወይዘሪት አስካለ ጋር አረፍን። ኮሌጅ የጨረሱ፣ ጭቃ የማይፈሩ ሴት ነበሩ። የበሰለ ሾላ አነሳሁና እንደ አገራችን ወግ ገምሼ፣ ጉልበቴ ላይ አራግፌ፣ እፍ አልኩበት።

"ምኑን ነው የምታራግፈው?" አሉኝ።

"ትሉን ነዋ!"

"ትል አይደለም፤ ና እይ።" ማጉያ መነጽራቸውን ሰጡኝ። ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ተርብ ነበረች።

እንደነገሩኝ፣ የሾላ አበባ ውጭ አይታይም፤ ፍሬ በምንለው ሆድ ውስጥ ተደብቋል። ተርቧ ከሌላ ሾላ የአበባ ዱቄት ይዛ በፍሬው እምብርት ትገባለች። በሩ ከመጥበቡ የተነሳ ክንፏ እዚያው ይቀነጠሳል። ውስጥ ዱቄቱን ለአበባው ታዳርሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሞታለች። ሴት ልጆቿ ዱቄቱን ይዘው ወደ ሌላ ሾላ ይበራሉ። እሷ ካልገባች ፍሬው ጥሬውን ይረግፋል፤ ሾላው ከሌለ ደግሞ እሷ የምትወለድበት የላትም።

"ታዲያ ማን ለማን ተሠራ?" አልኳቸው።

"ስፍር ቁጥር በሌለው ትውልድ አብረው ነው የተለወጡት። በሩ ሲጠብ ጭንቅላተ ቀጭኗ ብቻ ገብታ ወለደች። እሷም ስትቀጥን በሩ ለሌሎች ነፍሳት ይበልጥ ጠበበ።"

"ገባኝ። የኔም ክንፍ የቀረው ሚስቴ በር ላይ ነው" አልኩ። ሳቁብኝ።

ክረምት ሊገባ ሲል ከአውራጃ አንድ ካድሬ መጣ። እዚያው ሾላ ሥር ንግግር አድርጎ ሲጨርስ አንድ ፍሬ ብድግ አድርጎ ሳያራግፍ ጎረሰ። ተርቦቹ ምላሱ ላይ ሲርመሰመሱ እንትፍ እንትፍ አለ። ሕዝቡ ሳቀ። በዚያን ጊዜ በካድሬ መሳቅ ቀልድ አልነበረም።

"ይህ ዛፍ የተባይ መፈልፈያ ነው! ርጨው!" አለኝ። ከወይዘሪት አስካለ ጋር ለተምች ርጭት ወጥተን ስለነበር ፓምፑ ተሞልቶ ጀርባዬ ላይ ነበር።

አያ መንግሥቴ የሚባሉ ሽማግሌ ክንዴን ያዙ። "ልጄ፣ ጎተራችን ባዶ ነው። እስከ እሸት የልጅ ልጆቼን የሚያቆይልኝ ይኸው ሾላ ነው" አሉ።

"አልረጭም" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ጓድ፣ እኔ ተባይ ነው የምገድል። ይቺ ደግሞ የሾላው አዋላጅ ናት። የርስዎ ምላስ ላይ ስለተገኘች ተባይ አትሆንም።"

"አንተ ፀረ-አብዮት!"

ቃሉ ሰው ያስበላል። "ፓምፑ ከብዶኝ ነው፤ በፍርሃት እንዳይተረጎምብኝ" አልኩና መርዙን አውርጄ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር መቆም አቅቶኝ ነው።

ካድሬው ወደ ወይዘሪት አስካለ ዞረ። "ሌላ ረጪ አምጪ!"

"ሌላ ረጪ የለኝም" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ። ቢሮ ውስጥ ሦስት ረጪዎች ካርታ እየተጫወቱ ነበር።

እኔን አሰሩኝ። እስር ቤት ቁንጫ በላኝ፤ የገደልኳቸውን ዘመዶቿን ደም ስትበቀለኝ ነው ብዬ ተቀበልኳት። ስፈታ እብናት፣ እህል መጋዘን፣ ነቀዝ ጠባቂ አድርገው ጣሉኝ። ማዕረጌም ከረጪነት ወደ ዘበኝነት ወረደ። ወይዘሪት አስካለም አለቅነታቸውን ተነጠቁ። ካድሬው ሾላውን ረሳው፤ የሚያሳድደው ሌላ ሰው ሞልቶለት።

በጥቅምት አያ መንግሥቴ በሬ ሊሸጡ እብናት ገበያ መጡ። የልጅ ልጆቻቸው ሁሉም ክረምቱን እንደተሻገሩ ነገሩኝ። "ሾላው ዘንድሮ ፍሬ ተሸከመ" አሉ።

ፓምፕ ለምትሸከሙ ልጆች ይህን እላለሁ። ማን በማን እንደሚኖር ሳታውቁ መርዝ አትበጥብጡ። ካወቃችሁ በኋላ ደግሞ ርጩ የሚላችሁ ማንም ቢሆን፣ አትርጩ።