የአባቴ ልብና የንስሐ አባታቸው

አባቴ ደሃና ላይ ገብስ ሲያጭዱ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። እኔ ወደምኖርበት ሰቆጣ አምጥቻቸው ሲመረመሩ ሐኪሙ፣ «የልብዎ ምት በጣም ቀንሷል። አዲስ አበባ ሄደው ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ከደረትዎ ቆዳ ሥር ማስገባት አለብዎት» አላቸው።

አባቴም፣ «የመሞቻዬ ቀን ሲደርስ ይህ ብረት ነፍሴን አላስወጣሽም ቢላትስ?» ብለው ጠየቁ። እኔ ለመንኳቸው፤ እህቴ በስልክ አለቀሰች።

«የንስሐ አባቴን ሳላማክር አይሆንም» አሉ።

እኔ ደግሞ የፈራሁት እኚህኑ የንስሐ አባታቸውን ነበር። መምሬ ለታመመ ሁሉ ጠበል የሚያዙ ሰው ናቸው። ለገበያ ሰቆጣ ሲመጡ ቤቴ ጠራኋቸውና ነገሩን አስረዳኋቸው። አባቴ ያንኑ የነፍስ ጥያቄ አነሱላቸው። መምሬ ወደ እኔ ዞረው፣ «እስቲ በሩን ዝጊው» አሉኝ።

ዘጋሁት። ጋቢያቸውን አወረዱ፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱና የአባቴን እጅ ይዘው ከትከሻቸው ዝቅ ብላ ባለች ትንሽ እብጠት ላይ አስቀመጡት።

«አምና ለሱባኤ ገዳም ገባሁ ብዬ የጠፋሁ ጊዜ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህችን ላስገባ አዲስ አበባ ነበርኩ።»