በሩ ዝግ ነው የሚለው ሽቦ

የጥገና ክፍሏ ኤሌክትሪሺያን ቂሟን የያዘችው እንደ መሣሪያዋ ነው፤ አጽድታ፣ ሸፍና፣ እጇ በሚደርስበት።

ታናሽ ወንድሟ በብየዳ ሮቦቱ ላይ ይሠራ ነበር። ሮቦቱ ዓይን የለውም፤ የሚያውቀው በሽቦ የሚነገረውን ብቻ ነው። ዙሪያውን ከከበበው አጥር በር ሲግናል ሲደርሰው በሩ መዘጋቱን ያውቃል፤ ከጠረጴዛው ሲደርሰው ላሜራው መቀመጡን አውቆ ሥራውን ይጀምራል። በሩ ከተከፈተ ቀጥ ይላል። የፈረቃው አለቃ ግን መቆም የሚባል ነገር አይወድም፤ ሠራተኛው «ጥድፊያ» የሚለውም ለዚህ ነው። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ውስጥ አጭር ሽቦ ሰክቶ፣ በሩ ቢከፈትም ሮቦቱ ዝግ እንዲመስለው አደረገ። ወንድሟ የተጣመመ ላሜራ ሊያቃና ገባ። ላሜራው ቦታውን ሲይዝ ሮቦቱ ተነሣ። ቀኝ እጁ ከዚያ ወዲህ ማንኪያ እንኳን አይጨብጥም።

ሰው ተሯሩጦ ሲደርስ ጥድፊያ ሽቦውን ነቅሎታል። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «በአጥር ዘልሎ ነው የገባው» አለ። ወንድሟ «ቸልተኛ» ተብሎ ተባረረ።

እሷ አልጮኸችም። ወደዚያ ፈረቃ እንዲያዛውሯት ጠየቀች። ሥራ ሲከመር ጥድፊያ ሽቦውን መልሶ ሰካ፤ አየችው፣ አልነቀለችውም። በሩ በእውነት ሲከፈት የሚናገር ሌላ ሽቦ ከበሩ ማብሪያ ትርፍ ጫፍ ስባ በሮቦቱ ባዶ ቀዳዳ አስገባች። ያ ሲግናል ሲመጣ የያዘውን ትቶ፣ በቀስታ ሄዶ በሩ ላይ እንዲቆም አዲስ ተግባር ጻፈችለት። ቱታ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ አጥሩ ውስጥ አቁማ ሞከረችው፤ ከቱታው አንድ ቁልፍ አልበጠሰም።

ሥራ አስኪያጁ ሊጎበኝ በመጣበት ረፋድ ላሜራ ተቀረቀረ። ጥድፊያ ትጋቱ ሊታይለት ራሱ ገባ። ሮቦቱ ብየዳውን ትቶ ዞረ፣ ተንፏቀቀ፣ መውጫውን ዘጋ። የጋለው ጫፍ ወደ ጥድፊያ ደረት አነጣጥሮ ቆመ።

«አንቺ! አጥፊው እንጂ!»

«አለቃ፣ ሮቦቱ በሩ ዝግ ነው እያለ ነው። ታዲያ እርስዎ በየት ገቡ? በአጥር ዘለሉ?»

«በዚያ ቦርጭ?» አለ አንድ በያጅ ከኋላ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው።

«ቀልድ አይደለም! ሽቦውን ንቀዪው!»

«የቱን ሽቦ?»

«እኔ የሰካሁትን!»

«የሰኩት ዛሬ ብቻ ነው?»

ላቡ ከአገጩ ተንጠባጠበ። ሥራ አስኪያጁን አየ፤ የጋለውን ጫፍ አየ። «ያኔም ሰክቻለሁ» አለ። «ልጁ የገባው በበሩ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ሮቦቱን ወደ ቦታው የመለሰችው።

እሷም ጥድፊያም በዚያው ዕለት ከሥራ ተሰናበቱ። ሥራ አስኪያጁ «በማሽን ሰው አይመረመርም» አላት። ልክ ነው። የመሣሪያ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ በግራ እጁ ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ይታገላል። ነገረችው።

«እትዬ፣ ፈራ?»

«ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።»

«ድምፁስ?»

«እንደ ሕፃን ቀጠነ።»

አልሳቀም። ቁልፉን ትቶ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እስቲ እንደገና» አላት። «አሁን ግን ቀስ ብለሽ።»