ጭሷን ያጣችው መኪናዬ

ሚስቴ ጥላኝ አባቷ ቤት የገባችው በመኪናዬ ጭስ ምክንያት ነው። ሌላው ሰው በመጠጥ ይጣላል፣ በውሽማ ይጣላል፤ እኔ በጭስ!

መኪናዋ ስትገዛ የቤንዚን ነበረች። የጋይንትን ዳገት አልወጣ ስትለኝ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወረደ የናፍጣ ሞተር ገጠምኩላት፤ ኋላዋን አስረዘምኩ፤ ጉልበት እንድታገኝ ብዬም ናፍጣ የሚረጨውን ፖምፓ ለቀቅኩት። ወጣች! ግን ጭሷ ለጉድ ነው። ዓርብ ዓርብ ወደ አርብ ገበያ ስሄድ ገበያተኛው ጭሴን ከጋራው ጫፍ ላይ ያይና ዶሮውንና ጌሾውን ይዞ ወደ መንገድ ይወርዳል። እኔም እኮራበት ነበር፣ ምን ይደረግ።

አንድ ቀን ሚስቴ ለጥምቀት ያጠበችውን ነጭ ቀሚስ አጥር ላይ እንዳሰጣች ሞተር አስነሣሁበት። ቀሚሱ ጠቆረ። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ፣ ይህ ምላሴ፣ "እንጀራሽ ከዚሁ ጭስ ነው የሚወጣ!" አልኳት። በማግስቱ ቤት የለችም።

ሽማግሌ ላክሁ። አማቴ ቁጡ ናቸው። "መኪናውን መንግሥት ይመርምርለት። ጭሷ ቀርቶ ቦሎዋን መስተዋቷ ላይ ከለጠፈ ይምጣ። የዛሬ ሳምንት ዓርብ ጭሱ ከጋራው ላይ ሲታይ ልጄን ይዤ መንገድ እወርዳለሁ። ያን ቀን ከቀረ ግን ሁለተኛ በሬን እንዳያንኳኳ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተስማሙ፤ እኔም ተስማማሁ። የነገሩን ጉድ ልብ ያለው አልነበረም።

ሳምንቱን ከመኪናዋ ሥር አልወጣሁም። ፖምፓውን መልሼ አጠበብኩ፤ የአየር ማጣሪያውን አጠብኩ፤ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ፈትቼ እሳት ውስጥ ከተትኩና ጥላሸቱን በመዶሻ እየመታሁ አራገፍኩ። ሐሙስ ደብረ ታቦር ምርመራ ገባሁ። መርማሪው የረዘመውን ኋላዋን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ጓድ፣ ይቺን የሠራት ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ያስታውቃል" አለኝና ነጭ መሐረቡን ማርሚታው አፍ ላይ ይዞ "ነዳጅ ስጥ!" አለ። ረገጥኩ። መሐረቡን አገላብጦ አየና ኪሱ ከተተው። ቦሎው ተሰጠኝ።

ነፋስ መውጫ አድሬ፣ ዓርብ ጠዋት ሸሚዝ ቀይሬ፣ እያፏጨሁ ተነሣሁ። ጉልበቷ ቀንሶ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስትድህ እንኳ አልተቆጣሁም። ከአማቴ መንደር ግርጌ መንገድ ዳር ቆምኩ። ሰው የለም። ገበያተኛ እንኳ የለም። ጡሩምባ ነፋሁ፤ መንደሩ ሩቅ ነው፣ ነፋስ ወሰደው። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። በገንኩ! "ቃላቸውን በሉ! ይዘዋት ይኑሩ!" ብዬ ሞተር አስነሣሁና ላዞር ስል በጎን መስተዋቱ ያለፍኩበትን ጋራ አየሁት። ጥርት ብሏል። አንዲት ክር ጭስ የለችበትም።

ኧረ እኔ ድንጋይ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እነሱ ላይ ሆነው ጭሴን ይጠብቃሉ፤ እኔ ታች ሆኜ እነሱን እሰድባለሁ።

ፖምፓውን ልለቀው መፍቻ አነሣሁ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ያጠበብኩት ለእሷ ብዬ ነው። ስለዚህ እርጥብ ሣርና ኩበት ከመንገዱ ዳር ከመርኩ፤ ከወንበር ሥር የነበረውን የተቃጠለ ዘይት አርከፈከፍኩና ክብሪት ጫርኩ። ጭሱ ሽቅብ ተመዘዘ።

ብዙም ሳይቆይ ገበያተኛው ከነዶሮው እየተንሸራተተ ወረደ። ከኋላ አማቴ፣ ከእሳቸው ኋላ እሷ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ ፊቷ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቁሮ።

"ተመርምሮ ያለፈው ይሄ ነው?" አለችኝ። ፊቴም ሸሚዜም ጥላሸት ነበር።

በጣቴ መኪናዋን አሳየኋት፤ ሞተሯ እንደተነሣ ነው። ሄደች፤ ጎንበስ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ማርሚታው አፍ ላይ ያዘች። ገበያተኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አገላብጣ አየችው። ነጭ ነው።

"ቀሚሴን ታጥበዋለህ" አለች።

"እሺ።"

"በገዛ እጅህ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አማቴም ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ከደስታዬ የተነሣ እንባ እንባ አለኝ፤ በጭሱ አሳበብኩ። እሷ ጋቢና ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ በመስኮት እጇን ዘረጋችልኝ።

"ክብሪቱን ስጠኝ" አለች። "የሚቀጥለው መንደርም ጭስህን እየጠበቀ ነው።"